ክዳኑ ሲከፈት

ጠበቃውና ነርሷ ሲነታረኩ የሰማ ሁሉ ደመኞች ናቸው ብሎ ይምላል። እነሱ ግን ሲዋደዱ ነው እንደዚያ የሚሆኑት። ሌላው ሰው አበባ ሲሰጣጥ እነሱ ነገር ይወራወራሉ።

የተዋወቁት እሁድ ጠዋት ነው። ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አሮጌ የሚሞላ የእጅ ሰዓት የሚወዱ ሰዎች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። የመደብሩ ባለቤት፣ ሁሉም «ሊቀመንበሩ» የሚሉት ቦርጫም ሰውዬ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ያነጥፋል። ሰዎቹ ሰዓቶቻቸውን ከኪሳቸው፣ ከመሃረባቸው፣ ከመነጽር ቤታቸው እያወጡ ይደረድራሉ። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፣ ይገለባብጣሉ፣ ይቀናናሉ። ባትሪ ሰዓት አስሮ የመጣ ሰው በር ላይ አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ አለበለዚያ ሲሳቅበት ይውላል።

በዚያች የመጀመሪያ ቀን ጠበቃው የዕለቱን ምርጥ ሰዓት ያመጣ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ነበር። ፊቱ ነጭ፣ ቁጥሮቹ ጥቁር፣ አንድ ጭረት የለበትም። ነርሷ ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰካች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ፊቱን ተቀብቷል» አለች።

«ይቅርታ?»

«የድሮ ፊቱን ፍቀው አዲስ ቀለም ቀብተውታል። ስድስቷን ይዩዋት፣ ወፍራለች። ዘጠኟ ደግሞ ከስታለች።»

«አስተያየት የጠየቀዎት አለ?»

«የለም። እኔ በነፃ ነው የምሰጠው፤ እንደ እናንተ ጠበቆች አላስከፍልም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠበቃው ግን ቂሙን ይዞ ሄዶ በሚቀጥለው እሁድ ተመለሰ። የእሷን ሰዓት ከእጇ ላይ ተቀብሎ አገላበጠና መሙያው ከሌላ ሰዓት የተወሰደ መሆኑን ለጉባኤው አስታወቀ። «የሰው ራስ የተተከለበት አንገት» አለው። እውነቱን ነበር። ነርሷ ፊቷ እስኪቀላ ተናደደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ እሷን «እሾህ» ይላታል፤ እሷም እሱን «ክቡር ዳኛ»።

አንድ እሁድ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሊቀመንበሩ ጨርቁን ሲያጥፍ፣ ጠበቃው «እስቲ ልስማው» ብሎ እጇን ያዘና ጆሮውን ሰዓቷ ላይ አስጠጋ። ሰዓት ለማዳመጥ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ።

«አልጨረስክም?» አለችው።

«ልብሽ ሰዓቱን እየረበሸብኝ ነው።»

እጇን አልነጠቀችም። እንደዚያ ነው የተጀመረው።

ነገሩ ቀላል ግን አልነበረም። የጠበቃው እናት የከተማውን ትልቅ የመጋረጃ መደብር የያዙ፣ ከመደብሩ በላይ ያለውንም ሕንፃ የገዙ ሴት ናቸው። ባላቸው ተቋራጭ ነበሩ፤ ሲሞቱ አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ ሰዓት ትተው አለፉ። ነርሷ ደግሞ ከአባቷ ጋር ከጫማ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ትኖራለች። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ናቸው። የሰዓት ፍቅሩን ለልጃቸው ያወረሱት እሳቸው ናቸው፤ ከፍቅሩም ጋር አንድ የጠፋ ሰዓት ታሪክ አውርሰዋታል።

ሰዓቱን የገዛችላቸው ሚስታቸው፣ የነርሷ እናት ናት። ፊቱ ማር የመሰለ፣ ከታች በኩል በራሷ ትንሽ ክብ ውስጥ የምትዞር ሰማያዊ ሰከንድ ቆጣሪ ያለችው። አንድ ቀን አውቶቡሳቸው ተገለበጠ። ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ደረሱ። ሲነቁ እጃቸው ላይ የሰዓቱ ነጭ ምልክት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሚስታቸው ከዚያ ወዲያ ብዙም በሕይወት አልቆየች። ሽማግሌው ያንን ሰዓት በየሱቁ መስኮት፣ በየአላፊ አግዳሚው እጅ ላይ ሲፈልጉት ኖረዋል። ነርሷም ታሪኩን እየሰማች ስላደገች ሰዓቱን ያየችው ያህል ታውቀዋለች።

እንግዲህ የጠበቃው እናት ነርሷንና አባቷን ለምሳ የጠሩ ዕለት ነው ጉዱ የመጣው።

* * *

«ጫማችሁን ጥረጉ» አሉ ሴትዮዋ በር ላይ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ከማለታቸው በፊት።

ቤቱ በመጋረጃ ላይ መጋረጃ የተሰቀለበት፣ በጠራራ ፀሐይ የሚጨልም ቤት ነበር። ገበታው ላይ ሾርባና ዓሣ ቀርቧል።

«አባትሽ አሁንም ይነዳሉ?» አሉ እናትየው፣ ሽማግሌው አጠገባቸው ተቀምጠው እያሉ ልጅቱን አይተው።

«እኔኑ ቢጠይቁኝ እመልስልዎታለሁ፣ እትዬ» አሉ አባቷ ፈገግ ብለው። «መሪውን ከተውኩ ቆየሁ። አሁን የምነዳው ይቺን ልጄን ነው፤ እሷም ፍሬን የላትም።»

ጠበቃው ሳቀ። እናቱ አልሳቁም።

«ነርስ ከሆንሽ ውሎሽም አዳርሽም ሆስፒታል ነው ማለት ነው። ልጅ ቢወለድ ማን ሊያሳድገው ነው?»

«ሲወለድ አሳዳጊ አናጣም፣ እትዬ።»

«ማን ፈቅዶልሽ ነው የሚወለደው?»

ጠበቃው ማንኪያውን አስቀመጠ። «እማዬ፣ በቃ» አለ። ከዚያ ነገር ለማብረድ ተነሥቶ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። «ጋሼ፣ ይምጡ የአባቴን ሰዓቶች ላሳይዎት።»

ለጥቂት ጊዜ እውነትም በረደ። ሽማግሌው የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ሲቆሙ የገበታውን ምሬት ሁሉ ረሱት። ጠበቃው አንድ በአንድ እያወጣ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል። እሳቸው ይሞሉታል፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ይሄኛው ይቸኩላል» ይላሉ። «ይሄ ደግሞ እንዴት ደርባባ ነው፤ እርምጃውን ስማው እስቲ።» ነርሷ ከኋላ ቆማ ሁለቱን ታያለች። የምትወዳቸው ሁለት ወንዶች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲሳሳቁ አይታ፣ የእናትየውን ክፉ ቃል ሁሉ ይቅር ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

ከዚያ የሽማግሌው ዓይን አንድ ቦታ ላይ ተተከለ።

«ያቺን አውጣልኝ» አሉ፣ በጣታቸው ወደ ውስጥ እያመለከቱ።

ፊቷ ማር የመሰለ ሰዓት ናት። ከታች በኩል ሰማያዊ ሰከንድ ቆጣሪ አላት። ሽማግሌው ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ።

«የኔ ናት» አሉ።

«ምን አሉ?» ሴትዮዋ ከገበታው ተነሡ።

«ሰዓቷ የኔ ናት። ሚስቴ ናት የገዛችልኝ። አውቶቡሱ የተገለበጠ ጊዜ ከእጄ ላይ አውልቀው ወስደዋታል።»

«ባሌ ሌባ ነበር እያሉኝ ነው? በገዛ ቤቴ?»

«አላልኩም፣ እትዬ። ከወሰዳት ሰው ገዝተዋት ይሆናል፤ ሳያውቁ።»

«ባሌ የሚገዛውን የሚያውቅ ሰው ነበር!»

«እንግዲያው አውቀው ነው የገዟት» አለች ነርሷ።

ነርሷ ወደ ጠበቃው ዞረች። ከእሱ የምትፈልገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ጋሼ አይዋሹም ቢላት በቂዋ ነው። አጠገቧ መጥቶ ቢቆምም ይበቃታል። እሱ ግን ሰዓቷን ከሽማግሌው ተቀብሎ በመዳፉ ይዞ፣ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ማስረጃ አለ?»

«ምን አልክ?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ለመሆኗ የምትታወቅበት ነገር አለ ወይ ነው የምለው።» ድምፁ የችሎት ድምፅ ነበር። እሷን አያያትም።

«አባቴን ነው የምትመረምረው፣ ክቡር ዳኛ?» በፍቅር ስትጠራው የኖረችውን ስም እንደ ምራቅ ተፋችው።

«ተይው ልጄ፣ ልክ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ምልክት አላት። የጀርባው ክዳን ውስጥ ሁለት ፊደል ተጭሯል። የሚስቴ ስም መነሻና የኔ።»

«ይከፈታ!» አለች ነርሷ። «ይከፈትና የባልዎ ጉድ ይውጣ! ሞተ ተብሎ ከተተወ ሰው እጅ የተነጠቀ ሰዓት መስታወት ውስጥ ሰቅለው፣ እኛን ጫማ ጥረጉ ይሉናል? ይጥረጉ የራስዎን ቤት! ባልዎ የሌባ ደንበኛ ነበሩ!»

«አይከፈትም!» ጮኹ ሴትዮዋ። ወደ ልጃቸው ሄደው ክንዱን ያዙት። «አትንካው። ብትከፍተው እናትህ አይደለሁም።»

«ልክፈተው፣ እማዬ።»

ከመሳቢያው ውስጥ ትንሽ ቢላና ማጉያ መነጽር አወጣ። ጫፉን ክዳኑ ጠርዝ ላይ ሰክቶ ገፋ። ክዳኑ ጠቅ ብሎ ተነሣ። ለረጅም ጊዜ አየው። ክዳኑንና ማጉያውን ለሽማግሌው ሰጣቸው። እሳቸው መጋረጃውን ገልጠው ወደ ብርሃኑ ተጠጉ። ከጀርባቸው ሲታዩ ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«አይደለችም» አሉ።

«ጮክ ብለው ይበሉት» አሉ ሴትዮዋ።

«የኔ አይደለችም። ፊደል የለባትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ።»

«ዓይንዎ አይደለም። ልጅዎ በዚህ ቤት ያየችውን ሁሉ የኔ ነው ለማለት ስትዘጋጅ እርስዎ ቀደሟት። በሩ ያው።»

ነርሷ ይቅርታ ማለት እንዳለባት ታውቃለች። አፏ ግን አልታዘዝ አላት። የአባቷን ክንድ ይዛ ወጣች። ደረጃውን ሲወርዱ ከኋላቸው የእግር ኮቴ እየጠበቀች ነበር። የሚከተላቸው አልነበረም። ከስድቡም ከውርደቱም በላይ ያቆሰላት ያ ዝምታ ነው።

* * *

አባቷ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ሰዓቶቻቸውን የሚሞሉ ሰው ነበሩ። ከዚያ ምሳ በኋላ ግን ተዉት። ሰዓቶቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ክፍሎች ሰው የማይኖርባቸው መሰሏት።

«አባዬ፣ ዛሬም አልሞላሃቸውም?»

«የማላየውን ሞልቼ ምን ላደርገው?»

ያን ጊዜ ነው ልብ ብላ ያየቻቸው። ብርጭቆውን ለማንሣት እጃቸውን ሲሰዱ ጎኑን አለፉት። የሰው ዓይን በባትሪ ብርሃን ስታይ የምትውል ነርስ፣ የአባቷን ዓይን አላየችም። በማግሥቱ ለዓይን ሐኪም አሳየቻቸው። ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል ተባሉ። እፎይታ ሊሰማት ሲገባ ንዴቷ ባሰባት።

«ያ ሰው ይህን አላወቀም ነበር» አለች ወደ ቤት ሲመለሱ። «በሰው ፊት እያዋረደ ሲያስፈትሽህ የታመመ ሽማግሌ መሆንህን አላሰበም!»

«ልጁ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ» አሉ አባቷ። «መጠየቅ የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ። አባዬ እርግጠኛ ነህ ወይ ብትይኝ ቆም ብዬ አስብ ነበር። አንቺ ግን ሰይፍሽን መዘዝሽ።»

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ግን እኔ ተዋረደ የምትይኝ ሰው በሕይወት አለሁ፣ አፍ አለኝ፣ ይቅርታ ጠይቄ ወጥቻለሁ። ያ ሰውዬ ሞቷል። በሚስቱና በልጁ ፊት ስትሰድቢው ምን ብሎ ይመልስልሽ?»

አባቷ ተቆጥተዋት ቢሆን ይቀላት ነበር፤ አልተቆጡም፣ አዘኑባት።

ጠበቃው ከዚያ ቀን ወዲህ የላከላት መልእክት አንድ ብቻ ነው። «አባቴን የሌባ ደንበኛ ብለሽዋል። ቃልሽን መልሰሽ ውሰጂ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።» እሷም «መጀመሪያ አንተ አባቴን ይቅርታ ጠይቅ» ብላ መለሰችለት። በዚሁ ተዘጋጉ።

እሁድ ግን ሁለቱም መጡ። አንዱ ቢቀር ሌላው ያሸነፈ ይመስለዋልና። በረጅሙ ጠረጴዛ ሁለት ጫፍ ተቀመጡ።

«ሊቀመንበር» አለች ነርሷ፣ «እዚያ ጥግ ለተቀመጡት ሰው፣ የያዙት ሰዓት መስታወቱ ተሰንጥቋል በሉልኝ።»

«ለወይዘሪቷ ይንገሩልኝ» አለ ጠበቃው፣ «መስታወት ይቀየራል። የሰው ስም ነው የማይቀየረው።»

«ሰውን አለማመን የለመደ ሰው ስለ ስም አይጨነቅ በሉልኝ።»

«ኧረ እኔ ፖስታ ቤት ነኝ እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ እጁን አንሥቶ። «ቴምብር ለጥፉብኛ!»

ሰው ሳቀ። ሁለቱ አልሳቁም። ለአንዲት ቅጽበት ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ነርሷ ጺሙ ማደጉን፣ ከዓይኑ ሥር መጥቆሩን፣ የሸሚዙ አንገትጌ መጨማደዱን አየች። ተነሥታ ሄዳ ልታስተካክልለት እጇ በላት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ አንድ ነገር አንሥታ ልትወረውርበትም ፈለገች። የትኛው ፍላጎቷ እንደሚበልጥ ሳታውቅ ቀድማው ወጣች።

* * *

የአባቷ ቃል ግን ዕረፍት ነሳት። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ እግሯ ራሱ ወደ መጋረጃ መደብሩ ወሰዳት።

የጠበቃው እናት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከባድ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግተው በእንጨት ሜትር ይለካሉ። አዩዋት፣ እጃቸውን አላቆሙም።

«መጋረጃ ከሆነ ልጆቹ ያስተናግዱሻል።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂያ።»

ነርሷ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ባለቤትዎን አላውቃቸውም ነበር። ሳላውቅ ስማቸውን አጠፋሁ። አባቴ ተሳስቶ ነበር፤ እኔ ግን ባይሳሳትም እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ መቀሱን አነሡ። ጨርቁን እስከ ዳር ቆረጡት።

«ይቅርታሽን ተቀብያለሁ» አሉ። «አንቺን ግን አልተቀበልኩም። አልቀበልም።»

«ድሃ ስለሆንኩ ነው?»

«ድህነትን ለእኔ ታስተምሪኛለሽ? በሰው በረንዳ ላይ መርፌና ክር ይዤ ነው የጀመርኩት።» መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ግን አልለሰለሰም። «አይከፈትም ብዬ የጮኽኩት ለምን መሰለሽ?»

«ተቆጥተው።»

«ፈርቼ። ባሌ ስንት ነገር ይዞ ሲገባ አንድ ቀን ከየት ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ሥራው ብዙ ሰው ያለበት ሥራ ነበር፤ ደግም ክፉም። አንቺ ስትጮኺ በልቤ ምን አልኩ? ሊሆን ይችላል አልኩ። ስለ ሞተው ባሌ! ልጄም እንደዚያው። አባትሽን ሊያዋርድ የከፈተው መስሎሽ ከሆነ ሞኝ ነሽ። የራሱን አባት ማመን አቅቶት ነው የከፈተው። ፊቱን አላየሽም፣ ፊት ለማየት ጊዜ አልነበረሽም። እኔ አይቻለሁ።»

ነርሷ የጨርቁን ዳር ያዘች።

«ክዳኑ ባዶ ሲሆን ደስ አለኝ» አሉ ሴትዮዋ። «እንዴት ያለ ደስታ መሰለሽ! ባሏን የምታምን ሚስት እንደዚያ አትደሰትም። አንቺ አባትሽን ለአፍታ እንኳ ሳትጠራጠሪ አጠገባቸው ቆምሽ። እኔ ግን አብሬው ያረጀሁትን ሰው በልቤ ከሰስኩት። ይህን ስለ ራሴ ያሳወቅሽኝ አንቺ ነሽ። አልረሳልሽም።»

እንባቸው አልወረደም። ዓይናቸው ግን የእንባ ዳር ላይ ቆሞ፣ በጥላቻ ተደግፎ እንዳይወድቅ የሚታገል ዓይን ነበር። ነርሷ ለዚያች ሴት ያን ያህል ታዝናለች ብላ አስባ አታውቅም።

«አሁን ውጪልኝ፤ ሥራ አለብኝ።»

* * *

በፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጥቁር ካባውን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ደረጃውን ሲወርድ አያትና ፍጥነቱን ጨመረ። ሊያልፋት ሲል መንገዱን ዘጋችበት።

«እናትህ ጋ ሄጄ ነበር።»

«ደግሞ ምን ልትያት?»

«ይቅርታ።»

ቆመ። «እሷ ምን አለችሽ?»

«አይወዱኝም። በግልጽ ነግረውኛል። ግን ሌላም ነገር ነግረውኛል።» ድምፏን መቆጣጠር አቃታት። «ለምን አልነገርከኝም? አባትህን ተጠራጥረህ እንደከፈትከው ለምን አልነገርከኝም?»

ጠበቃው ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረ። «ምን ብዬ? አንቺን ላገባሽ የምፈልግ ሰውዬ፣ አባቴ የተሰረቀ ሰዓት ይገዛ እንደሆነ አላውቅም ብዬ? እንደ ግንብ አባትሽ አጠገብ ቆመሽ ነበር፣ እሾህ። ማስረጃ አልፈለግሽም፣ ምንም አልፈለግሽም። እኔ ሰዓቷን ይዤ፣ ክዳኑ ውስጥ ሁለት ፊደል እንዳይኖር እየጸለይኩ ነበር። ጋሼ ሲያዝኑ እያየሁ እኔ እፎይ አልኩ። ይህን ይዤ በምን ዓይኔ ደረጃው ላይ ልከተልሽ?»

«ብትከተለኝ እኮ…»

«ቀናሁብሽ። ከዚያ ጠላሁሽ። እውነቱ ይኸው ነው።»

«እኔም ጠልቼሃለሁ!» ጮኸች። ከደረጃው የሚወርዱ ሰዎች ዘወር ብለው አዩ። «የጠላ ሰው አንተ ብቻ መሰለህ? እኔ እያንዳንዷን ቀን ነው የጠላሁህ! ታማሚ እያከምኩ እጠላሃለሁ፣ ምግብ ስበላ እጠላሃለሁ፣ ያን የተጨማደደ ሸሚዝህን ሳይ ምን ያህል እንደጠላሁህ!»

«እኔ ግን ያንቺን ያህል አልተናገርኩም! ሙት አልሰደብኩም!»

«አውቃለሁ!» እንባዋ ቀደማት። «አውቃለሁ፤ ለዚያ እኮ ነው የመጣሁት። አባትህን ይቅር በሉኝ ማለት አልችልም፤ የሉም። አንተን ነው የምለምነው። ይቅር በለኝ። አባዬ ደግሞ አልተቀየመህም፤ ልክ ነበር ብሎሃል። እኔ ነኝ በእሱ ስም የተቀየምኩህ። ዓይኑ ታሟል፣ ሞራውን ሊያነሡለት ነው፤ እኔ ነርሷ ልጁ ሳላይለት…»

«ጋሼ ታመዋል?»

«ይድናል።»

«እና እስካሁን ሳትነግሪኝ!»

«መች ታናግረኝ ነበር?»

«መች ታናግሪኝ ነበር ነው የሚባለው!»

ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። የፍርድ ቤቱ ዘበኛ፣ ኮፍያቸው ጆሯቸው ላይ የወደቀ አዛውንት፣ ከበሩ ተነሥተው ቀስ ብለው መጡ።

«እናንተ ልጆች፣ እዚህ መጮህ ክልክል ነው» አሉ። «የባልና ሚስት ጉዳይ በጎን በኩል ባለው በር ነው። ፍቺ ከሆነ ደግሞ ዛሬ አይሠራም።»

«የምን ፍቺ!» አለች ነርሷ በዚያው ቁጣዋ ዞር ብላ። «ገና አልተጋባንም!»

ዘበኛው እጃቸውን አወናጭፈው ሄዱ።

ጠበቃው ግን አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የምሳ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ አያት፤ እንደ ባላጋራ አይደለም፣ እንደ ተከሳሽም አይደለም።

«ገና?» አላት ቀስ ብሎ።

ነርሷ ቃሉን ልትመልሰው አፏን ከፈተች። ንዴቷን ፈለገችው፤ አሁን እጇ ላይ የነበረው ንዴት የት እንደገባ አጣችው። ጉንጯ ጋለ። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እየተቆጣች ለማለት ሞከረች።

«ገና» አለችው።

ድምፏ ግን አልተቆጣም። ሁለቱም ሰሙት።